ለሱሑር የምንለኩሳት ትንሿ ሲሊንደር



ያለፈው ረመዷን አጋማሽ ላይ ነው። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ ለሱሑር ተነስቶ ወደ ማድቤት ሲገባ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ተቀበለው። እናቱ ከኋላው መጡና «ልጄ፣ በጨለማ ምን ትዳብሳለህ? መብራቱን አብራው እንጂ» ብለው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። «እማዬ፣ እንዳትነኪው!» አለና እጃቸውን ያዘ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ የሲሊንደሯን መክፈቻ ዘጋ፤ እናቱንና የተኙትን ልጆች ይዞ ወደ ግቢ ወጣ።

ነገሩ በኋላ ሲታይ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የኢፍጣሩ ሾርባ የሞቀው በትንሿ የጋዝ ምድጃ ነው። እሳቱ የጠፋው በምድጃዋ ቁልፍ ሲሆን የሲሊንደሯ መክፈቻ ግን እንደተከፈተ አደረ። ጎማው ከምድጃዋ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረችና ጋዙ ሌሊቱን ሙሉ በእሷ በኩል ሲወጣ አደረ። የዚያን ዕለት ሱሑር በግቢ ውስጥ ቴምርና ውኃ ሆነ፤ አልሐምዱሊላህ።

ባልደረባችን የእናቱን እጅ የያዘው ሽታውን ስላወቀው ብቻ ነው። እናቱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በማገዶ፣ በከሰልና በላምባ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ስለ እሳት ከእኛ ሁሉ የበለጠ ያውቃሉ፤ ስለ ጋዝ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሻጩም ምድጃዋን በካርቶን አድርጎ ሰጠ እንጂ ምንም አላለም። ረመዷን ሲመጣ ማድቤታችን ውስጥ ሌሊትም ቀንም እሳት ይበዛልና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ነው።

ሲሊንደሯ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ስንወዘውዛት እንደ ውኃ የምትንቦጫረቀው ነገር ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው። ሁለቱም በተፈጥሯቸው ጋዝ ሲሆኑ በግፊት ተጨምቀው ፈሳሽ የሆኑ ናቸው። ፕሮፔን በነጻ አየር ላይ ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ እንኳ ይፈላል። ስለዚህ መክፈቻው በተከፈተ ቁጥር ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ለመለወጥ የእኛን እሳት አይጠብቅም። 1 ሊትር ፈሳሽ ሲወጣ ከ250 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ይሆናል። ሲሊንደሯ ትንሽ ብትሆንም የያዘችው ትንሽ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ግን በአእምሯችን ተቀርጾ መቅረት ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። እንደ ጢስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ወለል ለወለል ይሄዳል፤ አልጋ ሥር ይገባል፤ ደረጃ ይወርዳል፤ የፍሳሽ ቀዳዳ ካገኘ እዚያ ይተኛል። ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍቶ «አየር ይገባል» ብሎ መተማመን ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ጋዙ የሚወጣው በበር ሥር ነው፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ እዚያው ይጠራቀማል።

አሁን የብዙዎቻችንን ቤት አስቡ። ሳሎኑ ውስጥ ዐረቢያን መጅሊስ አለ፤ ቁጭ የምንለው ከወለሉ ብዙ ሳንርቅ ነው። ከተራዊሕ በኋላ ቡና የሚፈላበት ከሰል እዚያው ወለል ላይ ነው። ዑዱም የሚጨሰው እዚያው ነው። ልጆች ፍራሽ አንጥፈው የሚተኙትም እዚያው ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማዋን የምናቆማት ብዙ ጊዜ ወለል ላይ ነው። ጋዙ የሚተኛበትና እኛ እሳት የምናስቀምጥበት ቦታ አንድ ሆኑ ማለት ነው። በማገዶና በከሰል ዘመን ይህ ሁሉ ችግር አልነበረውም፤ አደጋው የመጣው ልማዳችን ሳይለወጥ ምድጃው ስለተለወጠ ነው።

ምን ያህል ጋዝ ቢወጣ ያሰጋል ለሚል ጠያቂ ደግሞ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፕሮፔን ከአየር ጋር ሲደባለቅ የሚፈነዳው መጠኑ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ጀምሮ ነው። ርዝመቱና ወርዱ 3 በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነን ክፍል ለዚህ የሚያደርሰው 1 ኪሎ ያህል ጋዝ ነው። ይህም ጋዙ በክፍሉ ውስጥ እኩል ቢሰራጭ ነው። ወለል ላይ ከተጠራቀመ ከዚያ በእጅጉ ያነሰው ይበቃዋል። ለማቀጣጠል ደግሞ የመብራት ማብሪያው ውስጥ የምትፈጠረው ብልጭታ ትበቃለች። እናትየው ሊነኩት የነበረው ያንን ነው።

ሽታው ራሱ የጋዙ አይደለም። ጋዙ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲያመልጥ እንዲታወቅ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ቅመም ነው። አፍንጫችን ግን ሽታን ቶሎ ይለምዳል። ክፍሉ ውስጥ የቆየ ሰው «አሁን ጠፋ» ይላል፤ ከውጭ የሚገባው ሰው ደግሞ «ምን ይሸታል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚታመነው ከውጭ የገባው ሰው ነው። ጉንፋን የያዘውና በዕድሜ የገፋ ሰው አፍንጫም አያስተማምንም።

የላርጎ አረፋ

ጋዝ እያመለጠ እንደሆነ ለማወቅ ክብሪት ጭሮ ወደ ጎማው የሚያስጠጋ ሰው በዓይናችን አይተናል። «ትንሽ እሳት ካየሁ እዚያ ነው ማለት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያገኘዋል፤ ግን የሚያገኘው በምን ሁኔታ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ከዚህ የሚሻለው ምንም የማያስወጣ ነገር ነው። ላርጎ ወይም ኦሞ በትንሽ ውኃ በጥብጡና አረፋውን በስፖንጅ ያዙ። የምድጃዋን ቁልፍ ዝጉ፣ የሲሊንደሯን መክፈቻ ክፈቱ። ከዚያ አረፋውን መክፈቻው ዙሪያ፣ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በጎማው ሁለት ጫፎችና በጎማው ርዝመት ሁሉ ቀቡት። አንድ ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። አረፋው ባለበት ከቆየ ደህና ነው። እያበጠ የሚሄድ ኳስ ካያችሁ ጋዝ እየወጣ ነው፤ መክፈቻውን ዝጉና እስኪስተካከል አትለኩሱ።

ይህ ሥራ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይደረጋል። ባልደረባችን ቤት አሁን በየጁሙዓው ማለዳ ይደረጋል፤ እናቱ ራሳቸው ናቸው የሚቀቡት። አረፋ ሲቀቡ ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገብ አይኑር። የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር ወይም በላስቲክ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ጎማውን ጎንበስ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ ወይም እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ ካለ ዕድሜው አልቋል። የውኃ ጎማ ቆርጦ መግጠምማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ጋዙ እያለሰለሰ ያበላሸዋል።

ሬጉሌተሩ ሲታሰር የሚቸገሩ አሉ። አንዳንዶቹ የጋዝ ዕቃዎች ጥርሳቸው ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው። «እምቢ አለ» ተብሎ በፒንሳ ሲታገሉት ጥርሱ ይላላል፣ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ትቆረጣለች። በተለይ ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ይዘዋቸው የሚመጡት ምድጃዎች እዚህ ካለው ሲሊንደር አፍ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። አልገጥም ያለን ዕቃ በጉልበት ከማስገጠም ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ትክክለኛውን ሬጉሌተር መግዛት ይሻላል።

ጎማ የሌላቸው፣ ምድጃቸው በቀጥታ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰሩም አሉ። ለመያዝ ቀላል ስለሆኑ ተወዳጅ ናቸው። እኛ ግን ከጎማ ካላቸው ይልቅ እነዚህን እንፈራለን። አንደኛ፣ እሳቱና ጋዙ ያሉበት ዕቃ አንድ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ድስቱ ከላይ ሲቀመጥ ነገሩ ሁሉ ቁመቱ ረዝሞ እግሩ ጠባብ ይሆናል፤ ሮጦ የሚያልፍ ሕፃን በትከሻው ገፍቶ ይጥለዋል። ሲሊንደር ሲወድቅ ደግሞ በመክፈቻው የሚወጣው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሹ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ነበልባሉ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። እነዚህ ካሏችሁ ትንሽ ድስት ብቻ ጣዱባቸው፤ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ልጆች በማያልፉበት ጥግ አድርጉ። ለጀመዓ የሚበቃ የሩዝ ድስት በእነሱ አይጣድም።

ጎማ ላላቸው ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ከምድጃው ጎማው የፈቀደውን ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ምድጃው ሥር አይደረግ፤ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥም አይዘጋበት። በረንዳ ወይም ግቢ ያለው ሰው እዚያ ቢያበስል ከሁሉ ይሻላል። ንፋስ ግን ጠላት ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ምድጃዎች እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ የላቸውም። ንፋስ እሳቱን ካጠፋው፣ ወይም ሾርባው ገንፍሎ ካጠፋው፣ ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል። ድስት ጥዶ ለሰላት መሄድ ትልቁ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኢቃማ ከተሰማ እሳቱ ይጥፋ፤ ሾርባው ከሰላት በኋላ ይደርሳል።

አለኳኮሱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ክብሪቱ ይጫራል፣ ከዚያ ቁልፉ ይከፈታል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርጋል፤ ጋዙን ከፍቶ ክብሪት ፍለጋ ይሄዳል። በጥቂት ሰከንድ ካልተያያዘ ቁልፉን ዘግታችሁ አየሩ እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ስታጠፉ ደግሞ መጀመሪያ የሲሊንደሩን መክፈቻ ዝጉ፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ተቃጥሎ እሳቱ በራሱ ሲጠፋ የምድጃውን ቁልፍ ዝጉ። ባልደረባችን ቤት ይህ ቢደረግ ኖሮ ስንጥቁ ቢኖርም ሌሊቱን የሚወጣ ጋዝ አይኖርም ነበር።

ለእኅቶቻችን አንድ ቃል እናክል። ሰፊ የጅልባብ እጅጌና የሚወርድ ሒጃብ ጫፍ ለጋዝ እሳት ቅርብ ነው፤ የጋዙ ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ብዙዎቹ ጨርቆች ሰው ሠራሽ ክር ያለባቸው ስለሆኑ ሲቃጠሉ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ማድቤት ሲገባ እጅጌ ይሰብሰብ፣ የሒጃቡ ጫፍ ወደ ውስጥ ይግባ።

የጾም ራስ ምታት ወይስ የጋዝ?

ስለ መፍሰስ ብዙ ተናግረናል። ጋዙ በደንብ እየነደደም ግን ሊገድል ይችላል። እሳት የሚተነፍሰው እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው። በጠበበና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑ ሲያንስ ጋዙ በሙሉ አይቃጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ከከሰል ጭስ ጋር የሚመጣውና በብርድ ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ስለሆነ ጥቂቱም ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ድሮም ስስ ስለሆነ የጎደለውን የምናካክስበት ትርፍ የለንም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። ጾመኛ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ከዐስር በኋላ ሁላችንም እንዲሁ ነንና። ጭንቀታችንም እሱ ነው። ለኢፍጣር ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝግ ማድቤት ቆማ የምታበስል እህት ራሷን ሲያማት «ጾሙ ነው» ትላለች፤ ቁጭ ትላለች፤ በሩንም አትከፍትም። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዱ ነገሮች አሉ። ወደ ውጭ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ስትስቡ ራስ ምታቱ ከቀለለ ጾሙ አልነበረም። የማይጾሙ ሕፃናትም አብረው ከተነጫነጩ ወይም ካስመለሳቸው ጾሙ አልነበረም። ማድቤት ያለው ሰው ብቻ ታሞ ሳሎን ያለው ደህና ከሆነም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን እሳቱን አጥፍቶ ሁሉም ይውጣ፤ ሰውየው ከተዝለፈለፈ ወይም ንግግሩ ከተደናገረ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፣ ለሐኪሙም በጋዝ ሲበስል እንደነበር ይነገረው።

ምድጃውም ይናገራል። ጤነኛ የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ከተንቀለቀለ፣ የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ከያዘ፣ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ወይም አየር አንሶታል። ቀዳዳዎቹን በመርፌ አጽዱ። በርና መስኮት በአንድ ጊዜ ክፈቱ፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ።

በክረምትና በጥቅምት ብርድ ደግሞ ምድጃዋን ክፍል ለማሞቅ የሚለኩሱ አሉ። ይህ በፍጹም አይደረግ። ለማብሰል ለግማሽ ሰዓት የሚነድ እሳትና ተኝተን ሳለ ሌሊቱን የሚነድ እሳት አንድ አይደሉም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸው ይታወቃል። ያ ትእዛዝ ለኩራዝና ለማገዶ ዘመን ብቻ የተሰጠ አይመስለንም።

ሳምቡሳና ድንኳን

የረመዷን ማድቤት ካለ ሳምቡሳ አለ፤ ሳምቡሳ ካለ የሚፈላ ዘይት አለ። የጋዝ እሳት ከከሰል ይልቅ ቶሎ ይጋላል፤ መጥበሻውን ትቶ ሳምቡሳ ለመጠቅለል ዞር ያለ ሰው ዘይቱ መጨስ መጀመሩን አያይም። የሚጨስ ዘይት ሊቀጣጠል ጥቂት የቀረው ነው። ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም። ውኃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። ጋዙን ዝጉ፤ ክዳን ከጎን በኩል ገፋ አድርጋችሁ ድፉበት፤ እስኪቀዘቅዝ አታንሱት። መጥበሻውን አንስቶ ወደ ውጭ መሮጥ ራስን ማቃጠል ነው። ስትጠብሱ ልክ የሚሆን ክዳን ከአጠገባችሁ አይለይ፤ መጥበሻውንም ከግማሽ በላይ ዘይት አትሙሉት።

ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የጋዝ ነገር ምን ሊያደርስ እንደሚችል የእኛ ኡማ በከባድ ዋጋ አይቶታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ሑጃጆች ወደ ዓረፋ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ሚና ላይ እሳት ተነሳ። መነሻው ለማብሰያ የዋለ ጋዝ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ብርቱ ንፋስ ነበር፤ እሳቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን እየዘለለ 70,000 ያህል ድንኳኖችን በላ። የሳዑዲ መንግሥት ባወጣው ቁጥር 343 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,500 በላይ ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ የሚና ድንኳኖች እሳት በማይበላው ጨርቅ ተተክተዋል፤ በድንኳኖቹ ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ተከልክሏል። ዛሬ ሚና የሄደ ሰው የሚያየው ያ ነጭ የድንኳን ከተማ ከዚያ እሳት በኋላ የተሠራ ነው።

በየሰፈራችን መስጂዶች ግቢ የሚዘጋጀው የጋራ ኢፍጣር ከሚና ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ሸራው፣ ድንኳኑ፣ የላስቲክ ምንጣፉና ሲሊንደሩ እዚህም አንድ ላይ ናቸው። የሚያበስሉ ወጣቶች ከሸራው ውጭ፣ ሰው ከሚገባና ከሚወጣበት በር ርቀው ያብስሉ። ትርፍ ሲሊንደሮች ከእሳቱ አጠገብ አይደርደሩ፤ ፀሐይም አይመታቸው። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ 50 ዲግሪ ሲደርስ ይህ ግፊት እንደገና እጥፍ ይሆናል። ብዙ ጋዝ ባንድ ጊዜ ሲወጣ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ላይ አመዳይ ይይዛል፣ እሳቱም ይደክማል። ይህን ጊዜ ሲሊንደሩን ፍም ላይ ማስጠጋት ወይም የፈላ ውኃ ማፍሰስ የለመዱ አሉ፤ እባካችሁ አይሁን። ሌላ ሲሊንደር ቀይሩ፣ የቀዘቀዘው ይረፍ። ከአብሳዮቹም አንዱ፣ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ሲሊንደሮቹን ብቻ ይጠብቅ።

ከሸተተ

የጋዝ ሽታ ከመጣ ምንም የመብራት ማብሪያ አትንኩ፤ ማብራትም ማጥፋትም ብልጭታ ነው። ስልክም እዚያው ሆናችሁ አትደውሉ። የሚነድ ከሰል ወይም ሻማ ከሌለና የምትደርሱበት ከሆነ መክፈቻውን ዝጉ፤ በሮችን ክፈቱ፤ ሁሉም ሰው ይውጣ። ጎረቤት ስታስጠነቅቁ ደወል አትጫኑ፤ በር አንኳኩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከውጭ ሆናችሁ በ939 ለእሳትና አደጋ ደውሉ።

ጎማው ላይ ወይም መክፈቻው ላይ እሳት ከተያያዘ፣ እጃችሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መክፈቻውን መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉት፤ እሳቱ በራሱ ይጠፋል። መዝጋት ካልተቻለ እሳቱን ለማጥፋት አትታገሉ። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እየነደደ የሚወጣ ጋዝ ሳይነድ ቤቱን ከሚሞላው ጋዝ ይሻላል። ሰው ይዛችሁ ራቁ።

ስለ መግዛት

ባዶ ሲሊንደር ሲሞላ እስከ አፉ አይሞላም፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ያህል ባዶ ቦታ ይተውለታል። ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጎማ እያገላበጡ የሚሞሉ ሰዎች ይህን የሚለኩበት ነገር የላቸውም። ዋጋው ረከስ ስለሚል ሰው ይሄዳል፤ እኛ ግን አንመክርም። ከሲሊንደሩ አንገት ወይም እጀታ ላይ የባዶ ክብደቱ ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ያንን ቀንሱ፤ የቀረው የጋዙ ክብደት ነው። ከተጻፈው ልክ በላይ ከሆነ አደጋ ነው፤ ካነሰ ደግሞ ተሰርቃችኋል። ሥሩ የዛገ፣ የተጨረመተ ወይም እሳት የላሰው ሲሊንደር አትቀበሉ። ስትወስዱትም አቁማችሁ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍታችሁ ውሰዱት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጥላችሁት አትሂዱ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን ለመናፈሻ ኢፍጣር የምትይዟቸው ትናንሽ የካምፕ ምድጃዎች አብዛኞቹ ለውጭ ብቻ የተሠሩ መሆናቸው ላያቸው ላይ ተጽፏል፤ መብራት ሲጠፋ አፓርታማ ውስጥ አትለኩሷቸው። የቡቴን ቆርቆሮ በጎኑ ለሚገባባቸው ጠፍጣፋ ምድጃዎች ደግሞ ድስቱ ከምድጃው እንዳይሰፋ ተጠንቀቁ። ሰፊ ድስት ሙቀቱን ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል፤ ሁለቱን ምድጃ አጠጋግቶ አንድ ትልቅ ድስት መጣድም እንደዚያው ቆርቆሮውን ያፈነዳል። ቤታችሁ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለ ግዙ፤ ካለም ባትሪውን ከረመዷን በፊት ቀይሩለት።